ከመንገዱ ሥር ያለው ቱቦ እና የአንቺ ሙያ

ጥያቄ፦ «የጂኦግራፊ 3ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። መንግሥታት የማይቀረውን የአየር ንብረት ለውጥ ለመላመድ በሚነድፉት ስትራቴጂ ላይ መሥራት እፈልጋለሁ። ጓደኞቼ ግን "ሥራ ያለው ሶላር ላይ ነው፤ መላመድ ማለት እጅ መስጠት ነው" ይሉኛል። ምን ትመክረኛለህ?»

እህቴ፣ ጓደኞችሽ ምድርን የሚያሞቁ ጋዞችን ልቀት መቀነስ ላይ ማተኮራቸው ልክ ነው። እሱ ካልተሠራ የትኛውም ስትራቴጂ አይበቃም። ግን ልቀቱ ዛሬ ቢቆም እንኳ የባሕር ጠለል ለረጅም ዘመን ከፍ ማለቱን አይተውም። ታዲያ ዳርቻው ላይ የሚኖረው ሰው እስከዚያ ምን ይሁን?

ዛሬ ባንግላዴሽ የምንላትን ምድር እዪ። እ.ኤ.አ. በ1970 የመታት አውሎ ነፋስ በትንሹ 300 ሺህ ሰው ጨረሰ። ከዚያ ወዲህ በጎ ፈቃደኞች ሠለጠኑ፣ መጠለያ ተሠራ፣ ማስጠንቀቂያው እስከ መንደር ወረደ። በ2007 ሲድር የተባለው ኃይለኛ አውሎ ነፋስ ሲመጣ የሞተው ሰው ከ3 ሺህ በላይ ነበር። ይሄም ያማል። ግን ልዩነቱን አስቢው። ይሄ እጅ መስጠት ነው?

አሁን ወደ ሥራው። ብዙ ተማሪ «ስትራቴጂ» ሲባል ትልቅ ሰነድ የሚጻፍበት ቢሮ ይታየዋል። እዚያ ያለው ወንበር ጥቂት ነው። ዋናው ሥራ ያለው መንገድ፣ ውሃ፣ ጤናና ገንዘብ መሥሪያ ቤቶች ውስጥ ነው።

ከመንገድ ሥር ውሃ የሚያሳልፈውን ቱቦ ውሰጂ፤ ባለሙያዎቹ ካልቨርት ይሉታል። መሐንዲሱ ስፋቱን የሚወስነው ባለፉት ዓመታት የዝናብ መዝገብ ነው። «በ25 ዓመት አንዴ የሚመጣ ጎርፍ» ብሎ ያሰላል። አየር ግን በሞቀ ቁጥር፣ በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ 7 በመቶ ገደማ ተጨማሪ እርጥበት መያዝ ይችላል። ስለዚህ ዶፉ ይከብዳል፤ በ25 ዓመት አንዴ የተባለውም ቶሎ ቶሎ ሊመጣ ይችላል። ቱቦው አልበቃ ሲል ውሃው መንገዱን ቆርጦ ይሄዳል። አምቡላንሱ ከማዶ ይቀራል። እና ያ ሁሉ ስትራቴጂ መጨረሻው እዚህ ቱቦ ላይ ነው። የዝናብ ሠንጠረዡን ማን ያድሰው? ሰፋ ላለው ቱቦ ተጨማሪውን ብር ማን ይመድብ? የትኛው መንገድ ይቅደም? ይህን ጥያቄ የሚመልስ ሰው በጣም ያስፈልጋል። ካርታ ማንበብ የምትችል ልጅ ደግሞ ለዚህ ሩቅ አይደለችም።

ሌላም አለ። ኔዘርላንድስ ውስጥ ናይሜኸን ከተማ አጠገብ የጎርፍ መከላከያውን ግንብ ከፍ ከማድረግ ይልቅ 350 ሜትር ወደ ኋላ ገፉት፤ ለወንዙ ቦታ ለቀቁለት። ለዚህ ሲባል ቤታቸውን የለቀቁ ሰዎች ነበሩ። ከእነሱ ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገርም ሙያ ነው። እኔ እንደማየው ተማሪዎች በጣም የሚንቁት ይሄንን ነው፤ ዕቅድ የሚፈርሰውም ብዙ ጊዜ እዚሁ ላይ ነው።

ስለዚህ «የአየር ንብረት ባለሙያ» ከመባልሽ በፊት አንድ ዘርፍ ያዢ። ውሃ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ከጂኦግራፊ ጋር ይቀራረባል። ጂአይኤስ (በኮምፒውተር ካርታ መሥራትና መተንተን) እና ስታቲስቲክስ ላይ ጠንክሪ። ሲቪ ላይ «ለአየር ንብረት ከፍተኛ ፍላጎት አለኝ» የሚል ዓረፍተ ነገር በየቀኑ አያለሁ፤ ስለ ሰውየው ምንም አይነግረኝም። «የአንድ ወንዝ ተፋሰስ የጎርፍ ተጋላጭነት ካርታ ሠርቻለሁ» የሚለው ግን ያስቆመኛል።

ለዚህ ሴሚስተር አንድ የቤት ሥራ ልስጥሽ። ብዙ አገሮች ብሔራዊ የመላመድ ዕቅዳቸውን በነፃ ያወጣሉ። አንዱን አውርጂና ስለ ውሃ ያለውን ምዕራፍ ብቻ አንብቢ። እያንዳንዱ ተግባር አጠገብ እርሳስ ይዘሽ ጻፊ፦ ማን ይሠራዋል? በማን ገንዘብ? እስከ መቼ? መሳካቱስ በምን ይታወቃል? መልስ ያጣሽበትን መስመር አስምሪበትና ላኪልኝ። የመመረቂያ ጽሑፍሽን ርዕስ ከዚያው ላይ አብረን እንመርጣለን።