«ጎበዝ ነው» ብዬ ብጽፍ ምን ጎደለው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። አዳማ ውስጥ የኬጂ 2 መምህርት ነኝ። ክፍሌ 42 ልጆች አሉት፣ ከእኔ ሌላ አንዲት ረዳት ብቻ ናት ያለችው። ርዕሰ መምህራችን ለእያንዳንዱ ልጅ በየሳምንቱ የምልከታ ማስታወሻ ጻፉ ብለውናል። ቅዳሜን ሙሉ ቁጭ ብዬ «ጎበዝ ነው»፣ «ተግባቢ ናት»፣ «ይረብሻል» እያልኩ ጨርሼ ሳስረክብ «ይሄ ምልከታ አይደለም» ብለው መለሱልኝ። ታዲያ ምን ልጻፍ? (ሚስ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ እህቴ፣ የቅዳሜሽ ነገር አሳዘነኝ። ርዕሰ መምህርሽ ግን በአንዱ ልክ ናቸው፣ በአንዱ አይደሉም። «ጎበዝ ነው» ያንቺ ፍርድ ነው እንጂ ልጁ ያደረገው ነገር አይደለም። ወረቀቱን ለረዳትሽ ብትሰጫት ስለ የትኛው ልጅ እንደሆነ አታውቅም፣ ለ42ቱም ይሆናላ!

የሚጻፈው ያየሽውና የሰማሽው ነው። ለምሳሌ እንዲህ፦ «ማክሰኞ ጠዋት 4፡20። አ. (5 ዓመት ከ2 ወር) ምንጣፍ ላይ 7 ቆርኪ ደርድሮ በጣቱ እየነካ ይቆጥራል። ሁለቱን ሁለት ሁለት ጊዜ ነካና ‹ዘጠኝ!› አለ። ድገመው ስለው ‹ስምንት› አለ።»

አለቀ። ግን ስንት ነገር እንደነገረሽ እይ። ቁጥሮቹን በቅደም ተከተል ያውቃል፣ አንድ ቁጥር ለአንድ ዕቃ መሆኑ ነው ገና ያልያዘለት። ስለዚህ ነገ የእንቁላል ትሪ ስጪው፣ በየጉድጓዱ አንድ አንድ ቆርኪ እየጣለ ይቁጠር። «በሒሳብ ደካማ ነው» ብለሽ ጽፈሽ ቢሆን ነገ ምን ልታደርጊለት ነበር?

እኔም ተሳስቻለሁ። ድሮ ሳስተምር ስለ አንዲት ልጅ «ዝምተኛ ናት፣ አትሳተፍም» ብዬ ጻፍኩ፣ ለእናቷም ነገርኩ። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ከግንቡ ሥር እቃቃ ሲጫወቱ ባያት፣ ስድስት ልጅ ሰብስባ አንቺ ቡና አፍይ፣ አንተ እንግዳ ነህ ጫማህን አውልቅ እያለች በኦሮምኛ ታዛቸዋለች። ለካ ዝም ያለችው በአማርኛ ብቻ ነው! ስለዚህ ከክፍል ውጪም እያቸው፣ የተናገሩትንም በተናገሩበት ቋንቋ፣ ስህተቱን ሳታርሚ ጻፊው። ሱዛን አይዛክስ የምትባል እንግሊዛዊት እንደ ፈረንጆቹ ከ1924 እስከ 1927 ካምብሪጅ ውስጥ አንዲት ትንሽ ትምህርት ቤት ስትመራ የልጆቹን ንግግር እንዳለ ታስመዘግብ ነበር፤ ከመቶ ዓመት በፊት መሆኑ ነው እንግዲህ።

አሁን ርዕሰ መምህሩ ያልተመቹኝ ጋ ልምጣ። 42 ልጅ በሳምንት? አይሆንም። በቀን 2 ልጅ ምረጪ፣ በሳምንት 10 ይሆናል፣ ከአራት ሳምንት ትንሽ በለጥ ሲል ሁሉንም አዳርሰሻል። ስማቸውን ጠዋት ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ጋወንሽ ኪስ ውስጥ ክተቺው። ካልመረጥሽ የሚሆነውን አውቀዋለሁ፣ ደብተርሽ በሦስት ረባሾች ይሞላና ጥግ ይዞ የሚቀመጠው ልጅ እስከ ሰኔ አንድ መስመር አያገኝም። እዚያው ቆመሽ ሦስት አራት ቃል ጫር አድርጊ፣ ልጆቹ ሲሄዱ ታሟያለሽ። ለቅዳሜ ካሳደርሽው ግን የሚጻፈው ያየሽው ሳይሆን የመሰለሽ ነው።

«ይረብሻል» የሚለው ደግሞ ኮሙኒኬሽን ቡክ (ከወላጅ ጋር የምትጻጻፊበት ደብተር) ላይ እንዳይገባ አደራ። ቤት ሲደርስ ቁንጥጫ ነው የሚሆነው። «ዛሬ ተራ ስንጠብቅ ሁለት ጊዜ ጓደኛውን ገፋ፣ በሦስተኛው ግን ‹እኔስ?› ብሎ ጠየቀኝ» ብትይ ወላጅም የሚይዘው ነገር ያገኛል።

በሚቀጥለው ሰኞ እንዲህ ያሉ ሦስት ማስታወሻዎች ይዘሽ ቢሮ ግቢና በየሳምንቱ የተባለው በየወሩ ይሁንልን በያቸው። ባዶ እጅሽን ከሄድሽ ሥራ ሸሸች ነው የሚሉሽ። የቆርኪ ዓይነቷን ከላይ አድርጊያት።