የድሮ አስፈሪ ፊልሞች ጥያቄና መልስ፦ ፊልሙን ከመውቀስዎ በፊት ቅጂውን ይዩ

ሰሞኑን የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የድሮ አስፈሪና የሳይንስ ልቦለድ ፊልሞችን አይተው ከጨረሱ አንባቢዎች የመጡ ናቸው። የወደዱ አሉ፣ የተናደዱም አሉ። የተናደዱትን ደብዳቤዎች ደጋግመን ስናነብ ግን ጥፋቱ የፊልሙ ሳይሆን የቅጂው ወይም የቴሌቪዥኑ ሆኖ እናገኘዋለን። ዓመቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደም መጣጩ በጠራራ ፀሐይ ይሄዳል?

ከሐዋሳ የጻፉልን አንባቢ የ1922ቱን «ኖስፌራቱ» አይተው ተበሳጭተዋል። ጭራቁን የፀሐይ ብርሃን ይገድለዋል ይባላል፤ እሱ ግን የሬሳ ሣጥኑን በብብቱ ይዞ በጠራራ ፀሐይ ከተማ መሀል ይዞራል። ሰዎቹ ደግሞ እንደ ጉንዳን ይርመሰመሳሉ። «ዳይሬክተሩ የራሱን ታሪክ ረስቶታል እንዴ?» ይላሉ።

አልረሳም። ያ ትዕይንት ሌሊት ነው። ሌሊት መሆኑን የሚነግርዎ ቀለም ነበር፤ እሱ ነው ከእርስዎ ቅጂ ላይ የጠፋው።

በዚያን ጊዜ የነበረው ጥሬ ፊልም ብርሃን የመቀበል አቅሙ ደካማ ስለነበር ሰፊ የደጅ ትዕይንት ሌሊት መቅረጽ ከባድ ነበር። ስለዚህ ዳይሬክተሩ ሙርናው እንደ ዘመኑ ባልደረቦቹ በቀን ቀረጸና ለሲኒማ ቤት የሚላከው ቅጂ ቀለም ተነከረ። ሥራው ክር ከማቅለም ብዙም አይለይም። ፊልሙ በየትዕይንቱ ይቆራረጣል፤ የሌሊቱ ሰማያዊ ማቅለሚያ ውስጥ፣ የቀኑና የመብራቱ ቢጫ ውስጥ፣ የንጋቱ ሮዝ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በቅደም ተከተሉ መልሶ ይጣበቃል። የዘመኑ ተመልካች ሰማያዊውን ሲያይ «መሽቷል» ብሎ ይረዳ ነበር። ከዓመታት በኋላ እነዚያ ቅጂዎች በተራ ጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ሲገለበጡ ቀለሙ ቀረ፣ ሌሊቱም ቀን ሆነ።

በዚህ ፊልም ላይ ጉዳቱ ከሌላው ይከፋል። ለምን ቢሉ፣ የፀሐይ ብርሃን ደም መጣጭን ይገድላል የሚለውን ነገር ያመጣው ይኸው ፊልም ነው። መነሻ በሆነው በብራም ስቶከር ልቦለድ (1897) ውስጥ ድራኩላ በቀን ይንቀሳቀሳል፤ ኃይሉ ይቀንሳል እንጂ አይሞትም። እናም እዚህ ሰማያዊውና ሮዙ ጌጥ አይደሉም፤ የፊልሙ መጨረሻ ትርጉም የሚያገኘው በእነሱ ነው።

እንደ ጉንዳን ያርመሰመሳቸው ፍጥነቱ ነው። የድምፅ አልባው ዘመን ካሜራ በእጅ ነበር የሚዘወረው፤ ታድሶ የወጣው ቅጂ በሰከንድ 18 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ሆኖ ነው የሚታየው። ያንኑ በሰከንድ 24 ፍሬም ካጫወቱት 94 ደቂቃ የሚፈጀው ፊልም በ70 ደቂቃ ገደማ ያልቃል፤ ሰው ሁሉ ይሮጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ርዝመቱን ይመልከቱ። 94 ደቂቃ አካባቢ ከሆነና ሰማያዊ፣ ቢጫና ሮዝ ካለው ጥሩ ቅጂ ይዘዋል። ቀለም የሌለውና የሚሯሯጥ ከሆነ ግን ቪኤልሲ በሚባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ከፍተው ፍጥነቱን ወደ 0.75 ያውርዱት፤ 24 በዚህ ሲባዛ 18 ይሆናል። ድምፁን ይዝጉት፤ እንዲህ ባሉ ቅጂዎች ላይ ያለው ሙዚቃ ኋላ የተለጠፈ ስለሆነ የሚቀርብዎ ነገር የለም።

መጥፎው ቅጂ ለምን በዛ? የስቶከር ባለቤት ፍሎረንስ ስቶከር ልቦለዱ ያለ ፈቃድ ተወስዷል ብለው ከሰሱ፤ በ1925 የጀርመን ፍርድ ቤት ቅጂዎቹ በሙሉ እንዲወድሙ ወሰነ። የተረፉልን ከመጥፋት ያመለጡት ቅጂዎች ናቸው። ዛሬ የምናየው ከእነዚያ የተለቃቀመ ነው። እባክዎ በደህናው ቅጂ አንድ ጊዜ እንደገና ይዩትና ይጻፉልን።

ፍራንከንስታይን የጭራቁ ስም ነው?

አይደለም፤ የሠሪው ስም ነው። በ1931ዱ ፊልም መክፈቻ ላይ በጭራቁ ተዋናይ ስም ቦታ የተጻፈው የጥያቄ ምልክት ብቻ ነው፤ የቦሪስ ካርሎፍ ስም የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው።

ኪንግ ኮንግ የሠርግ ቪዲዮ መሰለኝ

ከሲልቨር ስፕሪንግ የጻፈልን ወጣት አዲስ 55 ኢንች ቴሌቪዥን ላይ የ1933ቱን «ኪንግ ኮንግ» ከፍቷል። «የጎረቤት ሠርግ ቪዲዮ መሰለኝ» ይላል። ጎሪላው ሲንቀሳቀስ ይንሸራተታል፣ ፀጉሩ ደግሞ ነፋስ እንደመታው ይንቀጠቀጣል። ፊቱም ሁሉ ሰፍቷል።

እዚህ ሦስት ነገር ተቀላቅሎብሃል፤ ሁለቱ የቴሌቪዥንህ ናቸው፣ አንዱ ግን የፊልሙ ስለሆነ እንዳትነካው።

መንሸራተቱ የመጣው ቴሌቪዥኑ በሁለት ፍሬሞች መሀል ያልነበረ ምስል ፈጥሮ ስለሚሰካ ነው። ለእግር ኳስ ሊጠቅም ይችላል፤ ለፊልም ግን ጉዳት ነው፣ እንዲህ ላለው ፊልም ደግሞ እጥፍ ጉዳት። ሪሞቱን ያዝና ወደ ምስል ሴቲንግ ግባ። ሳምሰንግ ከሆነ «ፒክቸር ክላሪቲ» ይለዋል፣ በቆየው ላይ «ኦቶ ሞሽን ፕላስ»፤ ኤልጂ «ትሩሞሽን»፣ ሶኒ «ሞሽንፍሎው»። አጥፋው። የምስል ሞዱን ከ«ቪቪድ» ወደ «ሲኒማ» ወይም «ፊልምሜከር» ቀይር። «ሻርፕነስ» ወደ ዜሮ ይጠጋ፤ «ኖይዝ ሪዳክሽን» ይጥፋ፣ አለዚያ የፊልሙን ደቃቅ ቅንጣት ቆሻሻ መስሎት ያጥብና ፊቶቹን ሰም ያስመስላቸዋል።

የፊቱ መስፋት ምስሉን ጎትተህ ስክሪኑን ስለሞላኸው ነው። የዚያ ዘመን ፊልም ቅርጹ ወደ አራት ማዕዘን የቀረበ ነው፤ 4 ለ 3 ላይ አድርገው። ግራና ቀኝ የሚቀረው ጥቁር ቦታ ትክክል ነው።

ፀጉሩን ግን ልብ ብለህ እየው። ዊሊስ ኦብራየንና ባልደረቦቹ ያንቀሳቀሱት 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቁመት ያለው፣ ውስጡ የብረት አጽም፣ ላዩ የጥንቸል ቆዳ የሆነ አሻንጉሊት ነው። ክንዱን ትንሽ ያጥፋሉ፣ አንድ ፍሬም ያነሣሉ፣ ደግሞ ትንሽ ያጥፋሉ። ለአንድ ሰከንድ ይህን 24 ጊዜ ማድረግ አለባቸው። በነኩት ቁጥር ጣታቸው የጥንቸሉን ፀጉር ይገፋዋል፤ ሲጫወት ይንቀጠቀጣል። ሰዎቹ ሲሠሩ የምታያቸው በዚያ ፀጉር ላይ ነው። ቴሌቪዥንህ መሀል ላይ የራሱን ምስል ሲሰካበት የሚያጠፋው ይህንኑ ነው።

ድራኩላ ላይ ድምፁ እየጠፋ ተቸገርኩ

ድምፅ ማጉያዎ ደህና ነው። የ1931ዱ «ድራኩላ» ከመክፈቻው የቻይኮቭስኪ «ስዋን ሌክ» ቁራጭና ኦፔራ ቤቱ ውስጥ ከሚሰማው በቀር ሙዚቃ የለውም። ያ ዝምታ ያስፈራል፤ ይተዉት። ከዳር እስከ ዳር የክር መሣሪያዎች ሙዚቃ የሚሰማበት ቅጂ ካገኙ በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጨመረ ነው።

ጎጂራ ለምን እንደ ልጅ ጨዋታ ተሰማኝ?

ከአዳማ አንድ መምህር የመጀመሪያውን «ጎጂራ» («ጎድዚላ») አይተው «የጎማ ልብስ የለበሰ ሰው ካርቶን ቤት ሲያፈርስ» ብለው አልፈውታል። ታሪኩን የሚተርከው አሜሪካዊ ጋዜጠኛ እንደሆነና ፊልሙ 80 ደቂቃ እንደፈጀ ጠቅሰዋል።

እነዚህ ሁለት ነገሮች መልሱን ነገሩን፤ ያዩት የ1956ቱን የአሜሪካ ቅጂ ነው። ዋናው የኢሺሮ ሆንዳ ፊልም 96 ደቂቃ ነው፣ በጃፓን የወጣው ኅዳር 1954 ነው፣ አሜሪካዊው ጋዜጠኛም በውስጡ የለም። ለአሜሪካ ሲዘጋጅ አዲስ ትዕይንት ተቀርጾ ገባ፣ ከዋናው ብዙ ተቆረጠ። የተቆረጠውም የፊልሙ ቁስል ያለበት ቦታ ነው። በዋናው ውስጥ ባቡር ላይ ያለች አንዲት ሴት ከናጋሳኪ እንዴት እንደተረፈች በአንድ ዓረፍተ ነገር ታነሣለች፤ በአሜሪካው ቅጂ ያ ዓረፍተ ነገር የለም።

መምህር እንደመሆንዎ ቀኖቹን ጎን ለጎን ያስቀምጧቸው። መጋቢት 1 ቀን 1954 አሜሪካ ቢኪኒ ደሴቶች ላይ የሃይድሮጂን ቦምብ ሞከረች፤ የጨረሩ አመድ 23 ሠራተኞች በያዘች የጃፓን ዓሣ አጥማጅ ጀልባ ላይ ዘነበ። በዚያው ዓመት የወጣው ፊልም የሚጀምረው ባሕር ላይ ያሉ መርከበኞች በድንገተኛ ብልጭታ ሲጠፉ ነው። ተመልካቹ ማስረጃ አላስፈለገውም። በኋላ ሆስፒታል ውስጥ የጨረር መለኪያ ወደ አንድ ሕፃን ሲጠጋና መሣሪያው ሲንጫጫ፣ የጎማውን ልብስ የሚያስታውስ ሰው አይኖርም።

ስለ ልብሱም ፍርድዎን ያለዝቡ። የመጀመሪያው ልብስ 100 ኪሎ ገደማ ይመዝን ነበር፤ ሃሩዎ ናካጂማ በውስጡ ሆኖ ጥቂት እርምጃ መራመድ እንኳ ያዳግተው ነበር። ጩኸቱን ደግሞ የሙዚቃ ደራሲው አኪራ ኢፉኩቤ ያገኘው ሙጫ የተቀባ የቆዳ ጓንት በላላ የኮንትራባስ ክር ላይ በመጎተት ነው። ዋናውን በጃፓንኛ፣ ከስብታይትል ጋር ይዩት።

የሚበሩት መርከቦች ገመድ ይታያል

በ1953ቱ «የዓለማት ጦርነት» ላይ ማለትዎ ነው። ፊልሙ ሲኒማ ቤት በወጣበት ቅጂ ላይ ገመዶቹ ጨለማው ውስጥ ይደበቁ ነበር፤ በኋላ ለቤት የወጡት ቅጂዎች ብርሃናቸው ስለተጨመረ ተጋለጡ። በ2018 በታደሰው ላይ ተወግደዋል። እሱን እስኪያገኙ ብራይትነሱን ዝቅ ያድርጉት።

ይህ ፊልም ለምን በየቦታው በነፃ ይገኛል? የተሰረቀ ነው?

«ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ» (1968) የተሰረቀ አይደለም። አከፋፋዩ ርዕሱን ሲቀይር ከአሮጌው ርዕስ ጋር የነበረው የባለመብትነት ምልክት አብሮ ተነሣ፤ በዚያ ዘመን የአሜሪካ ሕግ ምልክቱ ከሌለ መብቱ የለም። ስለዚህ ማንም ያባዛዋል፣ ጭቃ የመሰለው ቅጂም የበዛው ለዚህ ነው። በ2016 ከዋናው ኔጋቲቭ (ካሜራው ከቀረጸበት ፊልም) የታደሰውን ይፈልጉ። ጨለማው ውስጥ ያሉ ፊቶች ሲለዩ ፊልሙ ሌላ ፊልም ነው።

የዘጠኝ ዓመት ልጄ እንቅልፍ አጣ

ከላይ ያለውን ፊልም ከታላቅ ወንድሙ ጋር አይቶ ነው። እናቱ «ድሮ ስለሆነ አያስፈራም ብዬ ነበር» ብለዋል። ያስፈራል፤ ለልጅም አይሆንም። ለጥቂት ቀናት መብራት አይንፈጉት፣ አይሳቁበትም። ሳምንታት ካለፉ ለሕፃናት ሐኪም ያሳዩት።

ሲረጋጋ አሠራሩን በሚያሳዩት ይጀምሩ። የሜልዬስ «የጨረቃ ጉዞ» (1902) ሩብ ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ «ምድር ቆማ የዋለችበት ቀን» (1951)። የብረቱ ሰው ጎርት ሁለት ልብስ ነበረው፤ አንዱ ከፊት የሚዘጋ፣ ሌላው ከኋላ፤ ካሜራው መዝጊያውን እንዳያይ እንደ አቅጣጫው ይቀያየሩ ነበር። ልጁ መዝጊያውን ሲፈልግ ፍርሃቱን ይረሳል።

አቼቶ የሚሸት የፊልም ጣሳ

ከሮም የጻፉልን አንባቢ የሲኒማ ማሽን ሠራተኛ የነበሩ አጎታቸውን ቤት ሲያጸዱ የቆርቆሮ ጣሳዎች አግኝተዋል፤ ባለ 35 ሚሊ ሜትር ፊልም ነው። አንዱ አቼቶ ይሸታል፣ ሌላው ውስጥ ቡናማ ዱቄት አለ። በፕሮጀክተር እያጫወቱ በስልክ ሊቀርጹት አስበዋል።

እባክዎ አያጫውቱት። ይህን ምክር እንደ ልማድ አይውሰዱት።

ቡናማ ዱቄት ያለበት ጣሳ የናይትሬት ፊልም ሊሆን ይችላል። እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ባለ 35 ሚሊ ሜትር ፊልም በዚህ ነበር የሚሠራው። ናይትሬት አንዴ ከተያያዘ ኦክስጅኑን ከራሱ ስለሚያወጣ ውኃም አሸዋም አያጠፋውም፤ ጭሱ መርዝ ነው። ክዳኑን ይክደኑ እንጂ አጥብቀው አያሽጉ፤ ከምድጃ፣ ከማሞቂያና ከፀሐይ ያርቁት፤ በመኪና ይዘው አይዙሩ፤ «ይነድ እንደሆነ ልየው» ብለው ክብሪት አያስጠጉ። ለእሳት አደጋ መከላከያ ይደውሉና ያለውን በትክክል ይንገሯቸው።

አቼቶ የሚሸተው አሲቴት ከሚባል ሌላ ነገር የተሠራ ፊልም ነው፤ ጠርዙ ላይ «ሴፍቲ» የሚል ጽሑፍ ይኖረዋል። እንደ ናይትሬቱ በቀላሉ አይያያዝም፤ ግን እየበሰበሰ ነው፣ የሚያወጣው አሲድም አጠገቡ ያለውን ፊልም ያበላሻል። ከሌሎቹ ለይተው ቀዝቃዛና ደረቅ፣ አየር የሚዘዋወርበት ቦታ ያኑሩት። ፕሮጀክተር ውስጥ የማይገባው ስለተኮማተረ ነው። አንድ በመቶ ያህል እንኳ ካጠረ ቀዳዳዎቹ ከማሽኑ ጥርስ ጋር አይገጥሙም፤ ማሽኑ እየቦጨቀ ይሄዳል። ባለሙያ ጥርስ የሌለው ስካነር አለው።

እርስዎ ባሉበት ከተማ ቺኔቴካ ናሲዮናሌ (የጣሊያን ብሔራዊ የፊልም ቤተ መዛግብት) አለ፤ ሥራቸው ይኸው ነው። ጣሳዎቹ ላይ የተጻፈውን ሳይፍቁ በስልክዎ ፎቶ ያንሡና ይላኩላቸው። አሮጌ ነው ብለው አይጣሉት። የጀርመኑ የሳይንስ ልቦለድ ፊልም «ሜትሮፖሊስ» ጥር 1927 በርሊን ላይ ከታየ በኋላ ከሩብ በላይ ተቆርጦ ጠፍቶ ነበር። በ2008 ቦነስ አይረስ ውስጥ በአንድ የፊልም ሙዚየም ባለ 16 ሚሊ ሜትር ኔጋቲቭ ተገኘና ወደ 25 ደቂቃ ገደማ ተመለሰ። በ2010 በወጣው ቅጂ ላይ በጭረት የተሞሉት፣ ከሌላው ያነሱት ምስሎች እነዚያ ናቸው። የአጎትዎ ጣሳ ውስጥ ምን እንዳለ እስኪታወቅ ድረስ ማንም እንዳይከፍተው ያድርጉ፤ ስልኩን ዛሬ ይደውሉ።