የብርሃን ሳጥን እቤቷ ለመሥራት ላሰበችው እናት

እህቴ፣ «ለ3 ዓመት ልጄ የብርሃን ሳጥን ልገዛ ብዬ ዋጋው አስደነገጠኝ፤ እቤት መሥራት ይቻላል ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። በደንብ ይቻላል። የብርሃን ሳጥን ማለት ውስጡ መብራት ያለው፣ ልጅ ክዳኑ ላይ ብርሃን የሚያሳልፉ ነገሮችን እየደረደረ የሚጫወትበት ሳጥን ነው። እኔ የምኖረው አራት ኪሎ ነው። ለራሴም ለጎረቤት ልጆችም ሠርቻለሁ። ከፊሉን ዕቃ ከመርካቶ ገዛሁ፣ የቀረው እቤት ነበር።

የሚያስፈልግሽ ልብስ የምናስቀምጥበት ዓይነት ባለክዳን ፕላስቲክ ሳጥን ነው። ክዳኑ ብርሃን ያሳልፍ እንጂ ጎኑ ምንም ቢሆን ግድ የለም። ጥልቀቱን ግን እዪ። ከ10 ሳንቲሜትር ካነሰ የመብራቶቹ ነጠብጣብ ከላይ ይታያል፣ ዓይንም ይወጋል። ጨዋታውን የሚያሳምረው ብርሃኑ ለስልሶ እኩል መሰራጨቱ ነው። ስለዚህ መብራቱን ታች ሳይሆን በጎንና ጎን ግድግዳው ላይ ዙሪያውን ለጥፊው። ክዳኑን ከውስጥ በኩል በነጭ ወረቀት ሸፍኚው፤ ትሬሲንግ ፔፐር (ሥዕል ከሥር እያዩ የሚገለብጡበት ስስ ወረቀት) ካገኘሽ እሰየው። ብዙ ሰው ውስጡን ፎይል አልብሺው ይላል። እኔ አልስማማም። የተቆረጠ የመብራት ጫፍ ፎይል ከነካ ሾርት ያደርጋል። ነጭ ወረቀት ብርሃኑን በቂ አድርጎ ይመልሳል።

መብራቱ በዩኤስቢ የሚሠራ ኤልኢዲ ይሁን፤ 5 ቮልት ነው፣ ብዙም አይሞቅም። የገና ዛፍ መብራት ግድግዳ ላይ ሰክተሽ እንዳትሞክሪ። ውኃና እርጥብ እጅ ባለበት 220 ቮልት ምን ሊሠራ! ሌላው፣ በሰዓት ባትሪ የሚሠሩትን ትንንሽ መብራቶች እቤትሽ አታስገቢ። ልጅ ያቺን ክብ ባትሪ ከዋጠ በ2 ሰዓት ውስጥ ጉሮሮውን ልታቃጥለው ትችላለች። ብልጭ ድርግም የሚለውንም አጥፊው፤ በተለይ የሚጥል በሽታ ላለበት ልጅ ጥሩ አይደለም።

አሁን ወደ ጨዋታው። ለመጫወቻ ተብሎ የሚሸጠውን ባለቀለም ፕላስቲክ ተዪው። የከረሜላ ወረቀት አለ፣ ሴሎፎን አለ። ሰማያዊው ላይ ቢጫ ሲደረብ አረንጓዴ ሲሆን ልጅሽ ራሱ ይደርስበት፣ አንቺ ቀድመሽ አትንገሪው። ሃይላንድ ውስጥ ውኃና የምግብ ቀለም ጨምረሽ ክዳኑን በማጣበቂያ አሽጊው፤ ሲያንከባልለው ቀለሙ ክፍሉን ሁሉ ይዞራል። የኮባ ቅጠል ቁራጭ ደግሞ ጅማቱ አንድ በአንድ ይታያል። ከሁሉ ግን የእኛን ቤት ልጆች ያፈዘዛቸው የአያታቸው የድሮ ራጅ ነው! ሁሉም ቤት ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጦ አቧራ የሚጠጣ ራጅ አይጠፋም መቼም።

ጨው የሚሞከረው ልጁ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ መክተት ከተወ በኋላ ነው። ጠርዝ ያለው ብርሃን የሚያሳልፍ ትሪ ላይ ስስ አድርገሽ በትኚለት። በጣቱ ሲጭር ብርሃኑ ከሥር ይወጣል። ፊደል መጻፍ ያስጠላው የነበረ የጎረቤታችን ልጅ ሀ ሁን እዚያ ላይ ነው የወደዳት። ስትጨርሱ ጨውን ጥብቅ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጪ፣ ካለበለዚያ ይረጥባል።

ክፍሉን ድቅድቅ አታድርጊው፤ መጋረጃ መዝጋት ይበቃል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ፓወር ባንክ ላይ ሰክተሽ መቀጠል ነው።