ውድ ላፕቶፕ ገዛሁ፤ ሥራዬን ግን አልቻለውም

የአንባቢያን ጥያቄ፣ የላፕቶፕ ጠጋኙ መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው አዳማ ነው። የሠርግ ቪዲዮ እቀርጻለሁ፤ ኤዲቱንም ራሴ ነኝ የምሠራው። ባለፈው ዓመት ያጠራቀምኩትን አውጥቼ ከታወቀ ድርጅት ቀጭን የዊንዶውስ ላፕቶፕ ገዛሁ። ፕሮሰሰሩ ኮር አይ 7 ነው፣ ራሙ 16 ጊጋ፣ ስክሪኑ ኦሌድ። ሲያዩት ያምራል። ሥራ ላይ ግን ያበግነኛል። ኤክስፖርት ስጀምር ይፈጥናል፤ ትንሽ ቆይቶ ይንቀረፈፋል፣ ይግላል፣ ጩኸቱ ደግሞ ሌላ። ጥር ላይ ሠርግ ሲደራረብ እሱን ስጠብቅ የሚነጋብኝ ጊዜ ነበር። ራም ላስጨምር ብሄድ "ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፣ አይጨመርም" አሉኝ። ውድ ላፕቶፕ ለእኛ ዓይነት ሥራ አይሆንም ማለት ነው? ሸጬው ማክቡክ ልግዛ ወይስ ዴስክቶፕ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ላፕቶፕህ አልተበላሸም። ሲሠራም የታሰበው እንዲህ እንዲሆን ነው፤ ችግሩ ይህን ሲሸጡልህ አለመንገራቸው ነው።

"ኮር አይ 7" የሚለው ጽሑፍ ብቻውን ብዙም አይነግርህም። ሙሉ ስሙን ሴቲንግ ውስጥ ፈልግና የመጨረሻዋን ፊደል እይ። ዩ ከሆነች ፕሮሰሰሩ ለቀላል ሥራ ነው፣ ፒ መካከለኛ ነው፣ ኤች ለከባድ ሥራ ነው። አይ 7 1260ፒ የሚባለውን እንውሰድ። ለአጭር ጊዜ እስከ 64 ዋት ይስባል፤ ዘላቂ ልኩ ግን 28 ዋት ነው። አይ 7 13700ኤች ደግሞ ዘላቂ ልኩ 45 ዋት ነው። ሁለቱም "ኮር አይ 7" ተብለው ጎን ለጎን ይሸጣሉ። የአንተ ኤክስፖርት መጀመሪያ የሚፈጥነው በዚያች አጭር ጊዜ ነው። ኢሜይል የሚከፍት ሰው ከዚያች ጊዜ አያልፍም፤ ስለዚህ ላፕቶፑ ሁሌም ፈጣን ይመስለዋል። አንተ ግን የሰዓታት ሥራ ነው የምታሸክመው።

እንዲህ ዓይነት ላፕቶፕ ጠረጴዛዬ ላይ ሲመጣ መፍቻ ከማንሳቴ በፊት ሙቀትና ፍጥነት የሚያሳይ ፕሮግራም ከፍቼ የባለቤቱን ፕሮጀክት አስጀምራለሁ። ሙቀቱ ወዲያው ወደ 95 ዲግሪ ይወጣል። ፍጥነቱ ከ4 ጊጋኸርዝ በላይ ይነሳና ወደ 2 ገደማ ወርዶ እዚያው ይቀራል። ፕሮሰሰሩ እንዳይቃጠል ራሱን እየጠበቀ ነው። የታች ሽፋኑን ስፈታ አንድ ቀጭን የመዳብ ቱቦና አንዲት ስስ ፋን አገኛለሁ። የሙቀት ማስወጫው ክንፎች መሃል ደግሞ አቧራው እንደ ጥጥ ተጋግሯል። አዳማ ነፋስና አቧራ ያለበት ከተማ ስለሆነ የአንተም እንዲሁ ሳይሆን አይቀርም። አቧራው ይጠረግ፣ ፕሮሰሰሩ ላይ ያለው ፔስት (ሙቀት የሚያስተላልፈው ቅባት) ይቀየር። ለውጥ ታያለህ። ግን 28 ዋቱ 45 አይሆንም።

እንግዲህ የከፈልከው ገንዘብ የት ሄደ? ለቅጥነቱ፣ ለክብደቱ ማነስ፣ ለብረቱ፣ ለስክሪኑ። ከስብሰባ ስብሰባ ለሚዞር ሥራ አስኪያጅ ይህ ሁሉ ዋጋ አለው። ለቪዲዮ ኤዲተር ግን ከስክሪኑ በቀር ሌላው ሁለተኛ ደረጃ ነው።

የአፕል ታሪክ እዚህ ላይ ትምህርት ይሆናል። በፈረንጆቹ 2016 (ቀጥሎ የምጠራቸው ዓመታትም በእነሱ አቆጣጠር ናቸው) የወጣው ማክቡክ ፕሮ ላይ የኤስዲ ካርድ ማስገቢያው፣ ኤችዲኤምአዩና የድሮው ዩኤስቢ ተነሡ። ካሜራማን ካርዱን ለመክተት ተጨማሪ ዕቃ ይዞ መዞር ግድ ሆነበት። ኪቦርዱም አቧራ ሲገባበት ፊደል ይደግማል፣ ይዘላል ተብሎ ቅሬታው በዛ። አፕል በ2018 ነፃ የጥገና ፕሮግራም ከፈተ። በአሜሪካ የቀረበበትን የጋራ ክስም በ2022 በ50 ሚሊዮን ዶላር ለመጨረስ ተስማማ። በ2019 ኪቦርዱን ቀየረው። በ2021 ባለ 14 እና ባለ 16 ኢንቹ ሲመጡ ካርድ ማስገቢያውም ኤችዲኤምአዩም ተመለሱ፤ ላፕቶፖቹም ከበድ አሉ። የሥራ ሰዎች ለዓመታት ሲጮኹ የቆዩለት ነገር ነው በመጨረሻ የተሰማው።

ያልተመለሰው ራሙ ነው። ከ2012ቱ ሬቲና ማክቡክ ፕሮ ጀምሮ ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው። ብዙዎቹ ቀጫጭን የዊንዶውስ ላፕቶፖችም ይህንኑ ተከተሉ። በቅርብ ዓመታት ማኮች ላይ ራሙ ከፕሮሰሰሩ ጋር አንድ ላይ ስለተቀመጠ የፍጥነት ጥቅም አለው፤ ያን አልክድም። ግን አንድ የራም ቺፕ ሲሞት ቦርዱ በሙሉ ይቀየር የሚባልበትን አሠራር እቃወማለሁ። አዲስ አበባ ላይ ቦርድ ማስመጣት ማለት የላፕቶፑን እኩሌታ ዋጋ እንደገና መክፈል ማለት ነው። ሊቀር የማይችል ነገር አለመሆኑም ታይቷል። ሌኖቮ በ2024 ባወጣው ቲንክፓድ ቲ14 አምስተኛ ትውልድ ላይ ሁለት የራም ማስገቢያ መልሷል።

ስለዚህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው ይህን ነው፦ መጀመሪያ ገንዘብህን በኋላ ሊቀየር በማይችለው ነገር ላይ አውል። ራሙ የማይጨመር ከሆነ ለኤዲተር 16 አይበቃም፤ 32 ይሁን። ኤስኤስዲ በውጭ ሊቀጠል ይችላል። ውበት ከሁሉም በኋላ ይምጣ።

አንድ ያልጠየቅከኝን ልጨምር። ካሜራህ አዲስ ሶኒ ከሆነና በኤች 265 (ፋይሉን የሚያጨምቅ ፎርማት ነው) ባለ 10 ቢት፣ 4፡2፡2 (ብዙ የቀለም መረጃ የሚይዝ አቀራረጽ ነው) አድርገህ የምትቀርጽ ከሆነ፣ ታይምላይኑ የሚንገጫገጨው በራም ብቻ ላይሆን ይችላል። ይህን ዓይነት ፋይል በቀጥታ ማንበብ የሚችለው ሁሉም ግራፊክስ ካርድ አይደለም። ከ11ኛ ትውልድ ወዲህ ያለው የኢንቴል ግራፊክስና ኤም 1 እና ከዚያ ወዲህ ያሉት የአፕል ቺፖች ያነቡታል። የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርዶች ግን እስከ አርቲኤክስ 40ዎቹ ድረስ አያነቡትም ነበር፤ 50ዎቹ ላይ ነው የጨመረው። ውድ ግራፊክስ ካርድ ገዝተው "ለምን ይንገጫገጫል" የሚሉኝ ልጆች አሉ። መልሱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ለአሁኑ በፕሮክሲ ሥራ። ፉተጁን ወደ ትንሽ መጠን ቀይረህ በእሱ ኤዲት ታደርጋለህ፤ ኤክስፖርት ሲሆን ዋናው ፋይል ይመለሳል። ዴቪንቺም ፕሪሚየርም ይህን ይችላሉ። ሌሊት ቀይሮ ያድር፣ ቀን አንተ ትሠራለህ።

መሸጡን በተመለከተ፣ እኔ ብሆን አልሸጠውም። ስቱዲዮህ ውስጥ መብራት ደህና ከሆነ ዴስክቶፕ አሰባስብ። በዚያው ገንዘብ የተሻለ ፕሮሰሰር ታገኛለህ። ራም ሲያንስህ ትጨምራለህ፤ ፓወሩ ሲቃጠል ፓወሩን ብቻ ትቀይራለህ። ዩፒኤስ አትርሳ። ቀጭኑ ላፕቶፕ ደግሞ ሠርግ ቤት ይሂድ። ካርድ ያውርድልህ። 4ኬ በ100 ሜጋቢት ስትቀርጽ አንድ ሰዓቱ 45 ጊጋ ነው፤ ሁለት ካሜራ ለአራት ሰዓት 360 ጊጋ ይሞላል። ካርዱን እዚያው ገልብጠህ ብትመጣ ያንተም የሙሽሮቹም ልብ ያርፋል። ሥራውን ለደንበኛ ስታሳይም ያ ኦሌድ ስክሪን ያኮራሃል።

መብራት ቶሎ ቶሎ እየሄደ ግማሽ ቀን የሚቆይበት ሰፈር ከሆንክ ግን ምክሬ ይቀየራል። ያኔ ያገለገለ ባለ 14 ኢንች ማክቡክ ፕሮ፣ ቺፑ ኤም 1 ፕሮ፣ ራሙ 32 የሆነ፣ ፈልግ። ማክቡክ ፕሮ ከሶኬት ሲነቀል ፍጥነቱን አይቀንስም። የጌም ላፕቶፖች ኃይለኛ ናቸው፣ ዋጋቸውም ለሚሰጡት ጉልበት ተገቢ ነው፤ መብራት ሲሄድ ግን ጉልበታቸው አብሮ ይሄዳል። ደግሞም የጌም ላፕቶፕ ስትገዛ ዋቱን ጠይቅ። አርቲኤክስ 4060 ተብሎ የሚሸጠው ግራፊክስ ካርድ እንደ ላፕቶፑ ከ35 እስከ 115 ዋት ይለያያል።

የትኛውንም ብትገዛ የራስህን የሠርግ ፕሮጀክት በኤክስተርናል ይዘህ ሂድ። ሱቁ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ኤክስፖርት ይሥራ። ሻጩ እምቢ ካለ ሌላ ሱቅ ሞልቷል።

ጥያቄ፦ ጋሽዬ፣ ሐዋሳ የምኖር የስትራክቸር መሐንዲስ ነኝ። ሥራዬ ኢታብስና ሳፕ 2000 (የሕንፃ ስሌት ሶፍትዌሮች)፣ እንዲሁም ሬቪት (የሕንፃ ንድፍ ሶፍትዌር) ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው ወንድሜ "ምርጡን ማክቡክ ፕሮ ልላክልሽ" ይለኛል። ጓደኞቼ ግን "እንዳትቀበይ" አሉኝ። እንዴት ነው ነገሩ?

መልስ፦ እህቴ፣ ወንድምሽ ይባረክ። ጓደኞችሽ ግን እውነታቸውን ነው።

ማክቡኩ መጥፎ ስለሆነ አይደለም። ሬቪት ለማክ አልተሠራም፤ ኢታብስና ሳፕም እንደዚያው። ድሮ ኢንቴል ማኮች ላይ ቡት ካምፕ በሚባለው መንገድ ዊንዶውስ ይጫን ነበር። ከ2020 ወዲህ በመጡት የአፕል ቺፖች ላይ ይህ መንገድ ተዘግቷል። ፓራለልስ የሚባለው ፕሮግራም የሚያስኬደው ለአርም ቺፕ የተሠራውን ዊንዶውስ ነው። የአንቺ ሶፍትዌሮች ለእሱ አልተሠሩም። "ይሠራል እኮ" የሚሉሽ ይኖራሉ። ሞዴሉ ትንሽ ሲሆን ሊከፈት ይችል ይሆናል። ኃላፊነት ፈርመሽ የምታወጪውን ሕንፃ ስሌት ግን ካምፓኒው በማይደግፈው መንገድ አትሥሪው። ይህን አጥብቄ ነው የምለምንሽ። አርክቴክት ብትሆኚና አርኪካድ ብትጠቀሚ መልሴ ሌላ ነበር፤ እሱ ለማክም አለ።

ወንድምሽ ያሰበውን ገንዘብ ወደ ዎርክስቴሽን ላፕቶፕ ያዙረው። ዴል ፕሪሲዥን፣ ኤችፒ ዜድቡክ፣ ቲንክፓድ ፒ የሚባሉት ለእንዲህ ያለ ሥራ የተሠሩ ናቸው። ወፈር፣ ከበድ ይላሉ፤ ብዙዎቹ ሞዴሎች ግን ራምና ኤስኤስዲ ይቀየርባቸዋል። አሜሪካ ከኩባንያ የወጡ፣ ሁለት ሦስት ዓመት የሠሩ፣ በደህና ዋጋ ይገኛሉ። 32 ጊጋ ራም ይኑረው። ለግራፊክስ ካርዱ አብዝታችሁ አትክፈሉ፤ ኢታብስ ሲያሰላ የሚደክመው ፕሮሰሰሩና ራሙ ነው፣ የሬቪትም አብዛኛው ሥራ የሚወድቀው ጥቂት ኮሮች ላይ ስለሆነ ከኮር ብዛት ይልቅ የአንዱ ኮር ፍጥነት ይጠቅማል።

ቁጥር ስትጽፊ ስለምትውይ የቁጥር ኪቦርድ ለብቻው ያለበትን ባለ 15 ወይም 16 ኢንች አስመርጪው። ቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከተጻፈ እዚህ ትራንስፎርመር ሳያስፈልገው ይሠራል፤ የሶኬት መቀየሪያ ብቻ በቂ ነው። ስታቢላይዘር ግን ግዢ። ቮልቴጁ ሲዘል መጀመሪያ የሚሄደው ቻርጀሩ ነው፤ የእነዚህ ላፕቶፖች ቻርጀር ደግሞ ትልቅ ስለሆነ እዚህ አገር በቀላሉ አይገኝም። እንዲያውም ወንድምሽ ሁለት ይላክ።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። መገናኛ አካባቢ "ስላይትሊ ዩዝድ" ማክቡክና ቲንክፓድ ላይ እያማረጥኩ ነው። ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ፒችትሪና ኤክሴል ነው የምጠቀመው። አዲስ መግዛት አልችልም። ምን ልይ?

መልስ፦ ፒችትሪ የዊንዶውስ ነው፤ ስለዚህ ማክቡኩን ተወው። ዶላር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ አዲስ ላፕቶፕ ምን ያህል እንደራቀን አውቃለሁ። ለአንተ ሥራ ያገለገለ ቲንክፓድ ከአዲስ ርካሽ ላፕቶፕ ይበልጣል።

ቲ470 እና ቲ480 በመልክ ይመሳሰላሉ። ዋጋቸውም ስለሚቀራረብ ሰው ርካሹን ያነሳል። አንተ ቲ480ውን አንሳ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በአብዛኛው ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ ጀምሮ ነው የሚቀበለው። ቲ480 በአብዛኛው 8ኛ ትውልድ አለው፤ ቲ470 ግን 6ኛና 7ኛ ነው። የድርጅት ሒሳብ የሚይዝ ኮምፒውተር የደኅንነት ማሻሻያ ሳያገኝ ሊሠራ አይገባም።

ቲ480 ከኋላ የሚነቀል ባትሪ አለው፣ ውስጡ ደግሞ ሌላ። ላፕቶፑን ሳታጠፋ የኋላውን መቀየር ትችላለህ። ሁለት የራም ማስገቢያም አለው። ሱቅ ውስጥ ሽፋኑን አስከፍትና ሁለቱንም እይ። ባትሪው ሲሠራ ስንት ዋት ሰዓት ይይዝ እንደነበርና አሁን ስንት እንደሚይዝ የሚያሳይ ሪፖርት ዊንዶውስ ራሱ ያወጣል፤ ሻጩን አሳየኝ በለው። የኤስኤስዲውን ጤንነት ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው ፕሮግራም እይ። ኪቦርዱን ከዳር እስከ ዳር ጻፍበት፣ በተለይ ኢንተርንና የቁጥሮቹን መስመር። ባዮሱ (ላፕቶፑ ሲነሳ ከዊንዶውስ በፊት የሚሠራው ፕሮግራም) በፓስወርድ የተቆለፈ መሆን አለመሆኑን ሳታይ ብር አትቁጠር።

ማክቡክ የምታማርጡ ሌሎች አንባቢዎችም አትለፉኝ። ሻጩ ፊት ማኩ ውስጥ ያለውን መረጃ ሙሉ በሙሉ ሰርዛችሁ ከኢንተርኔት ጋር አገናኙትና እንደ አዲስ አስጀምሩት። የቀድሞ ባለቤት አካውንት ከጠየቀ ወይም "ሪሞት ማኔጅመንት" የሚል ገጽ ካመጣ አትግዙ። ያ ማለት ላፕቶፑ ገና በሌላ ሰው ወይም በሆነ ኩባንያ እጅ ነው ማለት ነው። "እኔ እከፍትልሃለሁ" የሚል ሻጭ ቢኖርም መጀመሪያ ይክፈተውና ከዚያ ገንዘቡን ስጡት።