መርማሪው ከመድረሱ በፊት ያለው ጊዜ

ከባሕር ዳርና ከጣና ዙሪያ ከደረሱኝ ጥያቄዎች መካከል የነፍስ ግድያ ምርመራን የሚመለከቱትን ዛሬ አንድ ላይ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ በሰፈራችን አንድ ወጣት ተገድሎ ተገኘ። ፖሊስ እስኪመጣ ድረስ ደሙን አጥበን አስከሬኑን ወደ ቤት አስገባነው። መርማሪዎቹ ተቆጡን። ጥፋታችን ምንድን ነው? (ከሽምብጥ)

መልስ፦ በቅንነት እንዳደረጋችሁት አምናለሁ፤ የወገንን ሬሳ ሜዳ ላይ ትቶ መቆም ለማንም ይከብዳል። ይሁን እንጂ በግድያ ምርመራ ከሁሉ የከበረው ጊዜ መርማሪው ከመድረሱ በፊት ያለው ሲሆን፣ ያ ጊዜ በእጁ ያለው ፖሊስ ሳይሆን ሰፈሩ ነው። ልብ መምታት ሲያቆም ደም ወደ ታችኛው የሰውነት ክፍል ወርዶ በቆዳ ላይ ሐምራዊ ምልክት ይሠራል፤ ምልክቱ ከሞት በኋላ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሚጸና፣ ሟቹ በጀርባው ተንጋሎ ተገኝቶ ምልክቱ ደረቱ ላይ ከታየ፣ ከሞተ ከብዙ ሰዓት በኋላ ሰው እንዳገላበጠው ሐኪሙ ይረዳል። እናንተ ካነሣችሁት ግን የገዳዩ ሥራና የእናንተ ሥራ ይቀላቀላል። የሬሳው መገተርም ከመንጋጋ ጀምሮ በ12 ሰዓት ገደማ መላ አካልን ይይዝና በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ይለቃል፣ በሙቀት ደግሞ ይፈጥናል፤ ስለዚህ የሞቱን ሰዓት የሚያመለክተው ነገር ሁሉ እያደር ይጠፋል።

ሰውየው እስትንፋስ ካለው ማዳን ይቀድማል። መሞቱ ከታወቀ ግን ራቅ ብላችሁ ክበቡት፣ ሰው አታስጠጉ፣ ማን መጥቶ ማን እንደሄደ ልብ በሉ። አንድ የሐምሌ ዶፍ ዱካውንም ደሙንም ጠርጎ ሊወስድ ስለሚችል፣ ደመና ካያችሁ ለፖሊስ ስትደውሉ ይህንኑ ተናገሩ።

ጥያቄ፦ አጎታችን ሐይቁ ዳር ሞቶ ተገኘ። «ውሃ በላው» ተብሎ በዕለቱ ይቀበር ቢባልም ፖሊስ ሬሳውን ለምርመራ ወሰደው። ይህ ሟቹን ማንገላታት አይደለም? (ከዘጌ)

መልስ፦ ሐዘናችሁ ይሰማኛል፤ ፖሊስ ግን ልክ አድርጓል። ሰጥሞ የሞተውን ሰው ከሞተ በኋላ ከተጣለው በዓይን ብቻ መለየት አይቻልም። ሐኪሙ የአየር ቧንቧንና ሳንባን መርምሮ አረፋና ውሃ መኖሩን፣ አንገት ውስጥም የታነቀ ሰው ጉዳት መኖሩን ያያል። መቃብር በኋላ ቢከፈት እንኳ ከዚህ ውስጥ ብዙው አይገኝም።

ጥያቄ፦ 48 ሰዓት ካለፈ ገዳይ አይያዝም ይባላል። እውነት ነው? (ከዐባይ ማዶ)

መልስ፦ እንዲህ ያለ ገደብ የለም። በእኛ ሕግ 48 ሰዓት የሚለው ቃል የተያዘውን ሰው ይመለከታል፤ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 መሠረት ተጠርጣሪው ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት የሚወስደው ጊዜ ሳይታሰብ በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት መቅረብ አለበት። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም አንቀጽ 59 ላይ ለምርመራ የሚሰጠው እያንዳንዱ የጊዜ ቀጠሮ ከ14 ቀን እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ቀጠሮው ሊያልቅ ሲል አለቃውም የሟች ቤተሰብም መርማሪውን ያጣድፉታል፣ አደጋውም እዚህ ላይ ነው። ተጠርጣሪን አስገድደው ያገኙትን ቃል ፍርድ ቤት በዚያው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት በማስረጃነት አይቀበለውም፤ ከዚያም የከፋው፣ አንድ ሰው ተደብድቦ ካመነ በኋላ እውነተኛውን ገዳይ የሚፈልግ አይኖርም። ቀድሞ በአውጫጭኝ አገሩ ሁሉ ተሰብስቦ ወንጀለኛው እስኪጠቆም ድረስ ይቀመጥ ነበር። እኔ ከዚያ ሥርዓት ልንወርሰው የሚገባን ያየ ሰው ያየውን የመናገር ግዴታውን ነው እላለሁ፤ ተሰብሳቢውን በማቆየት ቃል ማውጣቱን ግን አልደግፍም።

ጥያቄ፦ ገዳዩን አይቻለሁ፣ ነገር ግን ዘመዶቹን እፈራለሁ። (ስሜ አይጻፍ)

መልስ፦ የጠቋሚዎችና የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 የወጣው እንደ እርስዎ ላሉት ነው። ቃልዎን ከመስጠትዎ በፊት ስጋትዎን ለመርማሪው ወይም ለዐቃቤ ሕጉ ያስረዱ፣ ጥበቃም ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ሽማግሌዎች ደም አድርቀው ካስታረቁን ክሱ ይቀራል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አይቀርም። እርቁ በቀልን ስለሚያስቀር ታላቅ ነገር ነው፤ የግድያ ክስ ግን የመንግሥት ነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከተገደለ 12 ዓመት ሆነው፣ የተያዘም የለም። አሁን ብጠይቅ ማን ይሰማኛል? (ከጣና ዳር)

መልስ፦ እመቤቴ፣ ጊዜው አላለፈብዎትም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 217 ሞት ወይም ዕድሜ ልክ ለሚያስቀጣ ወንጀል ክስ ለማቅረብ 25 ዓመት ይሰጣል፤ ከባድ የሰው ግድያ ከዚህ ይመደባል፣ ለተራ ግድያም ቢሆን 20 ዓመት አለ። መዝገቡ የተከፈተበትን ቀን ይዘው ወደ ዐቃቤ ሕግ ይሂዱ፣ በዚያን ጊዜ ፈርተው ዝም ያሉ ጎረቤቶች ካሉም ስማቸውን ያስመዝግቡ።