የኳስ ሜዳ ወንጀልን ይቀንሳል? ታራሚስ ለምን ይጫወታል?

ከአንባቢያን ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ስፖርትን ከወንጀል መከላከልና ከታራሚዎች መታነጽ ጋር የሚያያይዙ ሦስቱን ለዚህ ዕትም መርጠናል። ደብዳቤዎቹ ለቦታ ሲባል አጥረዋል፤ የጠያቂዎቹ ስምም በራሳቸው ፈቃድ አልወጣም።

ጥያቄ፦ በአዳማ ከተማ የሰፈራችንን ታዳጊዎች በበጎ ፈቃድ እግር ኳስ አሠለጥናለሁ። በአካባቢያችን ስልክ መንጠቅና የሱቅ ስርቆት እየበዛ ስለመጣ ወላጆች ሁሉ «ልጆቹ የሚውሉበት ሜዳ ቢኖር ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር» ይላሉ። አስተዳደሩ አንድ ባዶ ቦታ ሊፈቅድልን ያሰበ ይመስላል። ለኃላፊዎቹ «ሜዳ ከተሠራ ወንጀል ይቀንሳል» ብዬ በእርግጠኝነት መናገር እችላለሁ?

መልስ፦ እንዲህ ያለ ቃል እንዲገቡ አልመክርዎትም። ሜዳ ብቻውን ወንጀል የቀነሰበትን ቦታ ለማሳየት ይቸገራሉ፤ ቃሉ ሳይፈጸም ሲቀርም ኃላፊዎቹ በሚቀጥለው በጀት ሜዳውን የሚደግፉበት ምክንያት አይኖራቸውም። ሊያስረዷቸው የሚገባው ሜዳው በስንት ሰዓት እንደሚከፈት፣ ማን እንደሚቆምበትና ከጨዋታው በኋላ ምን እንደሚደረግ ነው።

በዚህ ጉዳይ ደጋግሞ የሚነሳው ምሳሌ በአሜሪካ የተጀመረው የእኩለ ሌሊት የቅርጫት ኳስ ውድድር ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ሐሳቡን ያመነጩት ጂ. ቫን ስታንዲፈር የግሌናርደን ከተማ ሥራ አስኪያጅ ነበሩ፤ ግሌናርደን በሜሪላንድ ግዛት፣ ዛሬ ብዙ ወገኖቻችን ከሚኖሩበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም ሳትርቅ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። እኚህ ሰው ወጣቶች የሚሳተፉበት ወንጀል የሚበዛው ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ መሆኑን አስተዋሉና ጨዋታው ከምሽቱ 4 ሰዓት በፊት እንዳይጀመር፣ ተጫዋቾቹ ከ17 እስከ 21 ዓመት ዕድሜ ያላቸው ወንዶች እንዲሆኑ፣ በእያንዳንዱ ጨዋታም የደንብ ልብስ የለበሱ ሁለት ፖሊሶች እንዲገኙ ወሰኑ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የቺካጎ ከተማ ሐሳቡን ስትወስድ አንድ ግዴታ ጨመረችበት፤ ተጫዋቹ ከጨዋታ በኋላ ስለ ሥራ ፍለጋና ስለ አደንዛዥ ዕፅ የሚሰጠውን ትምህርት መከታተል ነበረበት።

ውጤቱን በተመለከተ ዳግላስ ሃርትማንና ብሩክስ ዴፕሮ እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ጥናት ውድድሩን ቀድመው በጀመሩ ከተሞች በንብረት ላይ የሚፈጸም ወንጀል ከሌሎች ከተሞች በፈጠነ ሁኔታ መቀነሱን አሳይቷል። በሰው አካል ላይ በሚፈጸም ወንጀል ረገድ ግን ያን ያህል የሚያስተማምን ልዩነት አልተገኘም። የተጫዋቾቹ ቁጥር ከከተሞቹ ነዋሪ አንጻር በጣም ጥቂት ስለነበረም ተመራማሪዎቹ ቅነሳውን በሙሉ ለጨዋታው ለመስጠት አልደፈሩም። እኔም ከዚያ በላይ ልናገር አልችልም። ሆኖም ስታንዲፈር ስለ ሜዳው ከማሰባቸው በፊት ስለ ሰዓቱ መጠየቃቸው ለአዳማም ይሠራል። በሰፈርዎ ስልክ የሚነጠቀው በየትኛው መንገድና በስንት ሰዓት እንደሆነ ከፖሊስ ጣቢያው ጠይቀው ይረዱ። ስርቆቱ የሚበዛው ከመሸ በኋላ ሆኖ ልምምድዎ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከሆነ ሜዳው ለልጆቹ ጤና ቢጠቅምም ወንጀሉን አያገኘውም። በጀቱ ለሁሉም የማይበቃ ከሆነ ከሣሩ በፊት መብራቱን ይጠይቁ።

ከዚህ የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን የሚመረጡት ልጆች ጉዳይ ነው። በየሰፈሩ የሚቋቋሙ ቡድኖች ጎበዝና ታዛዥ የሆነውን ይዘው አስቸጋሪውን ያሰናብታሉ። በሰዓቱ የሚገኝ፣ የአሠልጣኙን ቃል የሚያከብር፣ ቤተሰቡ ታኬታ የሚገዛለት ልጅ ቡድን ባይኖርም ኖሮ ስልክ የሚነጥቅ አልነበረም። ሥራው የታሰበለት ልጅ የሚያረፍደው፣ በባዶ እግሩ የሚመጣው፣ ሲሸነፍ ዳኛ የሚሳደበው ነው፤ እርሱ ደግሞ በመጀመሪያው ጥፋቱ የሚባረር ነው። ስለዚህ የቡድኑ ደንብ ጥፋት የሠራን ልጅ ከጨዋታ ቢያግድ እንኳ ከልምምድ እንዳያርቅ አድርገው ይጻፉት። የታገደው ልጅ ማሊያ ባይለብስም ኳስ ያቀብል፣ ውጤት ይመዝግብ፣ መረብ ይስቀል። የመገኘት መዝገብ ይኑርዎ፤ ሁለት ቀን ተከታትሎ የቀረ ልጅ ካለ በማግስቱ ቤቱ ድረስ ሄዶ የሚጠይቅ ሰው አስቀድሞ ይመደብ። ይህ የሚጠይቀው ገንዘብ ኢምንት ነው፤ ሰው ግን ይፈልጋል፤ ስለዚህ ከአስተዳደሩ ጋር ሲነጋገሩ ከቦታው እኩል የሁለት ረዳት አሠልጣኞችን አበል ይጠይቁ።

ስለ ትምህርቱም አዲስ ነገር መፍጠር አይጠበቅብዎትም። የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅና የወንጀል መከላከያ ቢሮ ከ13 እስከ 18 ዓመት ላሉ ታዳጊዎች ያዘጋጀው «ላይን አፕ ላይቭ አፕ» የተባለ በ10 ክፍለ ጊዜ የተከፈለ ሥልጠና አለ። በዚህ ሥልጠና ልጆቹ አንድን ችግር ሆን ብሎ የሚፈጥር ጨዋታ ይጫወታሉ፤ ጨዋታው እንዳበቃ ክብ ሠርተው ተቀምጠው አሠልጣኙ «ቡድንህ ሲገፋፋህ ምን ተሰማህ? እምቢ ለማለት ምን ከለከለህ? ከዚህ ሜዳ ውጭ እንዲህ የሆነብህ መቼ ነው?» እያለ ያወያያቸዋል። ስልክ ነጠቃ ብዙ ጊዜ ጓደኛን ላለማሳፈር የሚፈጸም በመሆኑ እነዚህ ጥያቄዎች ከብዙ ምክር የተሻለ ቦታ ይደርሳሉ ብዬ አምናለሁ። በአንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ፤ እግር ኳስ የሚወድ ልጅ ከሜዳው ሲወጣ የሚጠብቀው የስፖርት ውርርድ ቤት ሊሆን ስለሚችል፣ በውርርድ የተበላ ገንዘብ ወደ ስርቆት እንዴት እንደሚመራ ከውይይቶቹ በአንዱ በግልጽ አንሱት።

ጥያቄ፦ በአንድ ማረሚያ ቤት ውስጥ በተሃድሶ ክፍል እሠራለሁ። ወጣት ታራሚዎች ቦክስና ካራቴ እንዲጀመርላቸው አጥብቀው ይጠይቃሉ። አንዳንድ ባልደረቦቼ «ጉልበተኛን የበለጠ ጉልበተኛ ማድረግ ነው» ብለው ይቃወማሉ። የትኛው ትክክል ነው?

መልስ፦ የባልደረቦችዎ ሥጋት መሠረት አለው። ኢንገር ኤንድረሰንና ዳን ኦልዌውስ በኖርዌይ ወንዶች ልጆች ላይ አድርገው እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተሙት ጥናት ቦክስ፣ ትግል፣ ክብደት ማንሳትና የምሥራቅ እስያ የፍልሚያ ስፖርቶችን በሚያዘወትሩ ልጆች ላይ ጠበኝነትና ሌላ ጥፋት ከስፖርቱ ሜዳ ውጭም መጨመሩን አግኝቷል። በሌላ በኩል ፕሮፌሰር ሮዚ ሚክ ለእንግሊዝ የፍትሕ ሚኒስቴር ያዘጋጁትና እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የማረሚያ ቤቶች ስፖርት ግምገማ እነዚህ ስፖርቶች በጥንቃቄ እንዲሞከሩ ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ መንግሥት አብዛኛውን የግምገማውን ምክር ሲቀበል ይህንን ግን አልተቀበለም። ልዩነቱ የሚመጣው ከአሠልጣኙ ነው ብዬ አስባለሁ። ትዕግሥትና ራስን መግዛት የሚያስተምር፣ ከማረሚያ ቤቱ ጋር በኃላፊነት የተዋዋለ ብቁ አሠልጣኝ እስኪገኝ ድረስ በሩጫ፣ በመረብ ኳስና በጂምናስቲክ ይቆዩ። ታራሚዎች እርስ በርሳቸው የሚሠለጣጠኑበት የቦክስ ክፍል መክፈት ግን የጉልበተኞችን ተዋረድ ማጽናት ይሆናል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ በስርቆት ተፈርዶበት ከታሰረ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። በማረሚያ ቤቱ የእግር ኳስ ቡድን ውስጥ ከገባ ወዲህ ጠባዩ ሲለወጥ አይቻለሁ። ዘመዶቻችን ግን «ሊቀጣ እንጂ ሊጫወት አልገባም፤ የተሰረቀው ሰው ቢሰማ ምን ይላል?» እያሉ ያሳቅቁኛል። ደግሞም በአመክሮ የሚወጣበት ጊዜ ቀርቧል፤ ከወጣ በኋላ ይህ ለውጡ እንዳይጠፋ ምን ላድርግ?

መልስ፦ የዘመዶችዎ ጥያቄ ሊናቅ አይገባውም፤ የተበደለ ሰው አለና። ነገር ግን ፍርድ ቤት ወንድምዎን የቀጣው ነፃነቱን በመንፈግ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚጨመር ሥቃይ በፍርዱ ውስጥ የለም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2015 ያጸደቀውና በኔልሰን ማንዴላ ስም የተሰየመው የእስረኞች አያያዝ ደንብ በአንቀጽ 23 ላይ ውጭ የማይሠራ እስረኛ ሁሉ የአየሩ ሁኔታ ከፈቀደ በየቀኑ ቢያንስ 1 ሰዓት በገላጣ ቦታ የሰውነት እንቅስቃሴ እንዲያደርግ፣ ወጣቶች ደግሞ የአካል ብቃትና የመዝናኛ ሥልጠና እንዲያገኙ ይደነግጋል። የተሰረቀው ሰው ይበልጥ የሚጎዳው ወንድምዎ ኳስ በመጫወቱ ሳይሆን ወጥቶ ሌላ ሰው ቢሰርቅ ነው፤ ለዘመዶችዎ ይህን በእርጋታ ይንገሯቸው።

ጨዋታ በእስር ቤት ውስጥ ምን ሊሠራ እንደሚችል በደቡብ አፍሪካ ካለው የሮበን ደሴት እስር ቤት የተሻለ ማሳያ አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የደቡብ አፍሪካ የፖለቲካ እስረኞች በየክፍላቸው ወረቀትና ጨርቅ ጠቅልለው በድብቅ ኳስ ይጫወቱ ነበር። ውጭ ሜዳ ላይ ለመጫወት ለዓመታት ደጋግመው ካመለከቱ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ለአጭር ጊዜ ተፈቀደላቸው። ባሕሩ ከተፋቸው ሳንቃዎችና የዓሣ መረቦች የግብ ምሰሶና መረብ ሠሩ፤ የፊፋን የጨዋታ ሕግ ከእስር ቤቱ ቤተ መጻሕፍት አግኝተው አጠኑ። ማካና እግር ኳስ ማኅበር ብለው ያቋቋሙት ድርጅት መተዳደሪያ ደንብ፣ በደረጃ የተከፈለ ሊግ፣ የዳኞች ማኅበርና የዲሲፕሊን ኮሚቴ ነበረው፤ በአንድ ጨዋታ የተነሣ ቅሬታ በጽሑፍ ቀርቦ፣ ምስክር ተሰምቶበት፣ ውሳኔው በቃለ ጉባኤ ይያዝ ነበር። ኤኤንሲና ፒኤሲ የተባሉት የፖለቲካ ፓርቲዎች አባላት በየራሳቸው ክለብ ሲሰባሰቡ ማኖንግ የተባለው ክለብ ፓርቲ ሳይለይ በችሎታ ብቻ ተጫዋች መረጠ፤ ይህም በእስረኞቹ መካከል የነበረውን ግንብ መሸርሸር ጀመረ። በ15 ዓመቱ ወደ ደሴቱ የተላከው ዲክጋንግ ሞሴኔኬ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ነበር፤ በኋላ የአገሪቱ ምክትል ጠቅላይ ዳኛ ሆኗል። ፊፋም እ.ኤ.አ. በ2007 ማካናን የክብር አባል አድርጎ ተቀበለ።

እነዚያ ሰዎች የታሰሩት በዓላማ ስለነበር የወንድምዎን ጉዳይ ከእነርሱ ጋር አላስተካክልም። ነገር ግን ኳሱን ማንከባለሉ ብቻ ሳይሆን ውድድሩን ማስተዳደሩ፣ ደንብ መጻፉና ለዳኛ ውሳኔ መገዛቱ ሰውን እንደሚሠራ ያሳያል። ስለዚህ ወንድምዎ ተጫዋች ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ያበረታቱት፤ ዳኝነት ይሞክር፣ የውድድር መርሐ ግብር ያውጣ፣ አዲስ ገቢዎችን ያሠልጥን። በእንግሊዝ የአርሴናል የቀድሞ ምክትል ሊቀ መንበር ዴቪድ ዲን እ.ኤ.አ. በ2018 የጀመሩት «ትዊኒንግ ፕሮጀክት» የእግር ኳስ ክለቦችን በአቅራቢያቸው ካሉ ማረሚያ ቤቶች ጋር በማጣመር የክለብ አሠልጣኞች ገብተው ታራሚዎችን እንዲያሠለጥኑና የምስክር ወረቀት እንዲሰጡ ያደርጋል። በአገራችንም የፌዴራል ማረሚያ ቤቶች ስፖርት ክለብ በአትሌቲክስ ስሙ የታወቀ ነው፤ ለክለቡ የሚሮጡት ግን ታራሚዎች አይደሉም። አሠልጣኞቹ በሳምንት አንድ ቀን ወደ ግቢው ውስጥ ገብተው ታራሚዎችን ቢያሠለጥኑ ብዙ ወጪ ሳይጠይቅ ትልቅ ሥራ ይሠራል ብዬ አጥብቄ አምናለሁ።

አሁን ወደ መውጫው እንምጣ፤ ብዙዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። በወንጀል ሕጋችን መሠረት ታራሚ ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን ፈጽሞ መልካም ጠባይ ካሳየ በአመክሮ ሊፈታ ይችላል፤ በቡድን ውስጥ ያሳየው ዲሲፕሊን ከጠባይ መግለጫው ጋር በጽሑፍ እንዲያያዝለት ከመፈታቱ በፊት ከተሃድሶ ክፍሉ ይጠይቁ። ሥራ ሲፈልግ ከወንጀል ነፃ መሆኑን የሚያረጋግጥ ማስረጃ ይጠየቃል፤ በዚህ ተስፋ እንዳይቆርጥ በሕጉ «መሰየም» ስለሚባለው፣ ፍርድን ከመዝገብ ስለማሰረዝ ከአሁኑ ይወቅ። ቅጣቱ ጽኑ እስራት ከነበረ ቢያንስ 5 ዓመት፣ ከዚያ ያነሰ ከነበረ ቢያንስ 2 ዓመት ካለፈና ሌሎች መመዘኛዎችን ካሟላ ፍርዱ ከመዝገብ እንዲሰረዝለት ፍርድ ቤትን መጠየቅ ይችላል። እስከዚያው ድረስ ማስረጃ ሳይጠይቁ የሚቀበሉት ሰዎች ያስፈልጉታል፤ ለዚህም የሰፈር ቡድን ጥሩ በር ነው።

ገና ሳይፈታ በሰፈራችሁ ቡድን የሚያሠለጥን ሰው አግኝተው እውነቱን ሳይደብቁ ይንገሩት፤ ቢቻልም ማረሚያ ቤት ሄዶ እንዲጠይቀው ይለምኑት። የመጀመሪያው ልምምድ ቀንና ሰዓት ከመውጣቱ በፊት የታወቀ ይሁን፤ ከወጣ በሳምንቱ ውስጥ ቢሆን ይመረጣል። ታኬታና የትራንስፖርት ገንዘብ አስቀድመው ያዘጋጁለት፤ ያን ቀን እርስዎ ወይም ሌላ የሚያምነው ሰው እስከ ሜዳው አብሮት ይሂድ።