በሬ ገለባ በልቶ ይሰባል፤ እኛስ? ስለ ሕይወት ኬሚስትሪ ጥያቄና መልስ

የደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙ ናቸው። የተመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌአለሁ። የኬሚስትሪ አስተማሪ እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ «ሆዴን እንዲህ አደረገኝ» ያላችሁኝ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰውነታችን ከምን ከምን ነው የተሠራው?

በክብደት 65 በመቶ ገደማው ኦክስጅን ነው። አትደንግጡ፣ አብዛኛው ውሃ ውስጥ ያለው ነው። ካርቦን 18፣ ሃይድሮጅን 10፣ ናይትሮጅን 3 በመቶ ያህል ይይዛሉ። የቀረችውን ካልሲየም፣ ፎስፈረስ፣ ብረትና ሌሎቹ ይካፈሏታል። አዮዲንማ ከቁጥር የሚገባ አይመስልም። ሲጎድል ግን እንቅርት ያመጣል፤ ጨው ላይ የሚጨመረውም ለዚሁ ነው።

ጥያቄ፦ እነዚህ እኮ አፈርና አየር ውስጥም አሉ። ታዲያ ሕይወት ያለው ነገር በምን ይለያል?

በአሠላለፋቸው። ድሮ ሊቃውንቱም የሕያዋንን ንጥረ ነገር ለመሥራት ልዩ «የሕይወት ኃይል» ያስፈልጋል ይሉ ነበር። ፍሪድሪሽ ቮለር የተባለ ጀርመናዊ ግን እ.ኤ.አ. በ1828 ሽንት ውስጥ የሚገኘውን ዩሪያ ያለ ኩላሊት ላቦራቶሪ ውስጥ መሥራቱን አስታወቀ። ገበሬው ማሳው ላይ የሚበትነው ዩሪያም ያው ራሱ ነው።

ጥያቄ፦ በሬ ገለባ በልቶ ይሰባል። እኛ ለምን አንችልም?

ይሄን ጥያቄ ወደድኩት። የጤፍ ዱቄት አብዛኛው ስታርች ነው። ገለባው ውስጥ ደግሞ ሴሉሎስ ይበዛል። ጉዱ ምን መሰላችሁ? ሁለቱም ግሉኮስ የሚባለው ስኳር እየተቀጣጠለ የሠራቸው ሰንሰለቶች ናቸው! የሚለያዩት መጋጠሚያው ላይ ነው። ስታርች ውስጥ ግሉኮሶቹ ሁሉ ወደ አንድ ፊት ናቸው፤ ሰንሰለቱም ይጠማዘዛል። ሴሉሎስ ውስጥ አንዱ ቀና፣ ቀጣዩ ግልብጥ እያለ ይሄዳል። ስለዚህ ቀጥ ይላል፣ ጎን ለጎን ይያያዛል፣ ይጠነክራል።

ምራቃችን ውስጥ አሚሌዝ የሚባል ኢንዛይም አለ። የስታርችን መጋጠሚያ ይበጥሳል፤ የሴሉሎስን ግን አይነካውም። ሞክሩት፦ ቁራሽ ዳቦ ሳትውጡ ደህና አድርጋችሁ አላምጡ። ቆይቶ ጣፈጥ ይላል፤ ስታርቹ ወደ ስኳር መቆራረጥ ጀምሯል ማለት ነው። ገለባ ግን ቀኑን ሙሉ ብታላምጡት ያው ገለባ ነው።

በሬውም ቢሆን ሴሉሎስን የሚበጥስ የራሱ ኢንዛይም የለውም። ትልቁ ጨጓራው ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎችና መሰሎቻቸው ናቸው የሚፈጩለት። ሥራው የእነሱ፣ ስሙ የበሬው።

ጥያቄ፦ በጾም ሽሮ በእንጀራ ብቻ ፕሮቲን ይሆነናል?

ፕሮቲን የሚሠራው ከ20 ዓይነት አሚኖ አሲዶች ነው። ዘጠኙን ሰውነታችን መሥራት ስለማይችል የግድ ከምግብ ይፈልጋቸዋል። እህል ላይሲን የሚባለው ያንሰዋል። ጥራጥሬ ላይሲን ሞልቶታል፣ ሜታዮኒን ግን ያጥረዋል። እንጀራና ሽሮ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል። ውሃ ውሃ የሚል ሽሮ ከሆነ ግን እኔን አትጥሩኝ። ቫይታሚን ቢ12 ደግሞ ሁለቱም ውስጥ የለም።

ጥያቄ፦ ቅቤ ይረጋል፣ የኑግ ዘይት ግን አይረጋም። ለምን?

የቅቤው ስብ ሰንሰለቶች ብዙዎቹ ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ተጠጋግተው ይደረደራሉ። የኑጉ አንዳንድ ካርቦኖች በድርብ ስለተያያዙ (ድርብ ትስስር ይባላል) እዚያ ላይ ይታጠፋሉ። መጠጋጋት ስለሚያቅታቸው ይፈስሳሉ።

ጥያቄ፦ የተቀቀለ እንቁላልን መልሶ ጥሬ ማድረግ ይቻላል?

ፕሮቲን እንደ ክር በሥርዓት የተጠቀለለ ነው። ሙቀት ይፈታዋል፤ ከዚያ እርስ በርሱ ይተበተብና ነጩ ይጠጥራል። እ.ኤ.አ. በ2015 የአሜሪካና የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች የተቀቀለ የእንቁላል ነጭ በዩሪያ አሟሙተው፣ በሚሽከረከር መሣሪያ አንዱን ፕሮቲን ወደ ቀድሞ ቅርጹ መልሰውታል። የመለሱት ፕሮቲኑን እንጂ እንቁላሉን አይደለም። ለቁርስ ያሰባችሁ ሌላ ስበሩ።